እገዳ እንደ ማስታወቂያ

«እገዳ እንደ ማስታወቂያ» አንድ ማስታወቂያ ወይም የጥበብ ሥራ በመታገዱ ምክንያት ከበፊቱ የላቀ ዝናና ፈላጊ የሚያገኝበት ሁኔታ ነው። ክልከላው ራሱ ወሬ ይሆንና ነገሩን ሰምቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያጓጓል። የጣሊያኑ ልብስ አምራች ቤኔቶን በ1991 እ.ኤ.አ. እትብቷ ያልተቆረጠ፣ ደም የነካት ጨቅላ ሕፃን የሚያሳይ ፖስተር ሲለጥፍ፣ በብሪታንያ ከ800 በላይ አቤቱታ ቀርቦ ፖስተሩ ተነሣ፤ የድርጅቱ ስም ግን ይበልጥ ናኘ።

በኢትዮጵያ ጎልቶ የሚጠቀሰው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በደርግ ዘመን በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገው ልቦለድ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ሆኖም በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። እገዳ ለነጋዴ ትርፍ ቢያመጣም፣ በዓሉን የመሰለ ደራሲ ማጣትን የሚክስ ዝና የለም።