ፌስቡክ ባለሥልጣንን ይዝጋ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ምናለሽ ተራ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ ባለሥልጣን ሲዋሽ ፌስቡክ ለምን ገጹን አይዘጋውም?» አለኝ። መርካቶ ጠዋት የተወራ ወሬ ከሰዓት ዋጋ ስለሚሆን ጥያቄው ይገባኛል። ቆመን አልጨረስነውም፣ እዚህ ልቀጥል።

ድሮ የመንግሥት ቃል ገበያ ላይ ነጋሪት ተጎስሞ ይነገር ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ ዛሬም አውጥተን እናነበዋለን።

አሁን ገበያው ፌስቡክ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ አሜሪካ ነው ያለው። በ2013 የትራምፕን ገጽ ዘጋ። በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ በበረታበት ሰዓት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሕዝቡ መሣሪያ ይዞ ወጥቶ ሕወሓትን እንዲቀብር የጻፉትን «ሁከት ያነሳሳል» ብሎ አነሳው። ገጻቸውን ግን አልዘጋም።

እውነት ለመናገር፣ እኔም መዝጋቱን አልደግፍም። እኛ የመረጥነውን የውጭ ድርጅት አፉን ሲዘጋው ለማን አቤት እንላለን? ግን ባለሥልጣን ስለሆነ ይታለፍ ማለቴም አይደለም። የራሳችን አዋጅ 1185/2012 እንኳ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ቅጣት ያከብዳል። ድምፁ የሰፋ ኃላፊነቱም ይሰፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ደም የሚያፋስሰው ጽሑፍ ይነሳ፣ ውሸቱ ላይ «ውሸት ነው» ተብሎ ይጻፍበት። የተነሳው ግን እንዳይጠፋ፣ በማኅደር ይቀመጥ። ነገ ልጆች 2014ን ሲማሩ ማን ምን እንዳለ ከየት አምጥቼ ላሳያቸው?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?