ለቤተሰብ የሚሆን መንፈሳዊ ተውኔት፦ የሩሶ ክስ፣ የአፈወርቅ ምክርና የሐረር መድረክ

መግቢያ

የሰንበት ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክፍል ለበዓል ተውኔት ሲመርጥ «ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የተለመደው መልስ ማጥራት ነው። ስድብ ካለበት ይወጣል፤ ስካርና ዝሙት ካለበት ይቆረጣል፤ ርእሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከገድል የተወሰደ ከሆነ ደግሞ ያለ ብዙ ክርክር ያልፋል። ይህ መጣጥፍ ይህን መስፈርት ይሞግታል። ለቤተሰብ የሚሆን ተውኔት ልጅ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ መልሶ ሊተርከው፣ እናቱም ልትጠይቀው የምትችል ተውኔት ነው። ይህን መስፈርት የምናገኘው ቴአትርን አጥብቀው በመንቀፋቸው ብቻ ከሚጠቀሱት አባት፣ ከቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው።

ማሳያዬ ሐረር ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብተው ይኖራሉ። ከከተማዋ በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር አካባቢ ያለ ወጣት ተውኔት ሲሠራ ለማየት የሚመጣው ቤተሰብ የጎረቤትን ልጅም ይጨምራል። ከዚህም በላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ሰው ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚህችው ከተማ ነው።

የቀደሙ ጥናቶች

ስለ አማርኛ ተውኔት ታሪክ አልበርት ዤራርድ፣ ሬይዱልፍ ሞልቬር፣ ጄን ፕላስቶና አቦነህ አሻግሬ የጻፉት በቂ መንደርደሪያ ይሆናል። ስለ አጻጻፉ ደግሞ የደበበ ሰይፉ «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንፃር» አለ። ከእነዚህ ጋር ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዣን ዣክ ሩሶ ጋር ነው። ስሙ በሰንበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ባይነሣም ሐሳቡ ይነሣል። «ልጆች የሚይዙት የክፉውን ሰው ነገር ነው» እየተባለ አንድ ገጸ ባሕርይ በተሰረዘ ቁጥር የሚናገረው ሩሶ ነው።

የሩሶ ክስ

ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኤሚል» ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ የባለ ተረቱን የላ ፎንቴንን ተረቶች ለልጆች ማስተማርን ይከሳል። የቁራውንና የቀበሮውን ተረት መስመር በመስመር እየበተነ ይመረምራል። ቁራው አይብ በአፉ ይዞ ዛፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቀበሮው እያወደሰ ያስዘምረዋል፤ አይቡ ይወድቃል። ባለ ተረቱ ልጁ ከቁራው ሞኝነት እንዲማር ፈልጓል። ልጁ ግን፣ ይላል ሩሶ፣ በቁራው ስቆ ቀበሮውን ይወዳል። የፌንጣዋንና የጉንዳኗን ተረት ሲሰማ ከጉንዳኗ ጎን ይቆምና ንፉግነትን፣ በዚያም ላይ በተቸገረ ማላገጥን ይማራል። አንበሳ ድርሻ ሲያከፋፍል ልጁ አንበሳውን ይሆናል፤ ትንኝ አንበሳውን ስታሸንፍ ደግሞ ትንኟን። ስለዚህ ተረት ለአዋቂ ይነገር፤ ለልጅ ግን እውነት ያለ ሽፋን ይሰጠው ብሎ ይደመድማል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1758 እ.ኤ.አ. ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ ክሱን ወደ መድረክ አውጥቶት ነበር። ዳላምቤር በኢንሳይክሎፔዲያው ውስጥ «ጄኔቫ» በሚለው ጽሑፉ ከተማዋ ቴአትር ቢኖራት መልካም ነው ብሎ ነበር። ሩሶ ይህን አልተቀበለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ቴአትር ሥራ ያስፈታል፤ ወጪ ያበዛል፤ ተመልካቹም በመድረክ ላይ ለተፈጠረ መከራ አልቅሶ ለጎረቤቱ መከራ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል ይላል። ሞሊየርንም ጻድቁን ሰው መሳቂያ አድርጓል ብሎ ይወቅሰዋል። በቴአትሩ ፈንታ የሚመክረው በአደባባይ የሚከበር፣ ተመልካቹ ራሱ ትዕይንት የሚሆንበትን በዓል ነው። ጥምቀትና ደመራ ላለው ሕዝብ ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ከሩሶ ጋር እስማማለሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን አንስማማም። የሩሶ ክስ የሚቆመው በአንድ ያልተነገረ ግምት ላይ ነው፤ ልጁ ተረቱን ሲሰማም ሲፈርድም ብቻውን ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሩሶ ኤሚል የሙት ልጅ መሆኑን ራሱ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይነግረናል። ማታ ገበታ ላይ «ዛሬ ምን ሰማህ?» የምትለው እናት፣ «ቀበሮውስ ያገኘው አይብ የማን ነበር?» የሚለው ታላቅ ወንድም የለውም። ቤተሰብ የሌለውን ልጅ አስቦ የተጻፈ ሕግ ቤተሰብ ለሚያየው ተውኔት ዳኛ ሊሆን አይችልም። ልጁ መጀመሪያ ከቀበሮው ጋር መቆሙን አልክድም። ሩሶ የፍርዱ መጨረሻ አድርጎ የሚያየው ይህ አቋም ግን የውይይቱ መጀመሪያ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ከሩሶ ጋር አይስማማም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም ንጉሥ ስለፈለጉ ዛፎች ተረት ይናገራል። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ብዙ በጎች ስለነበሩት ሀብታምና አንዲት ግልገል ብቻ ስለነበረችው ድኻ ለዳዊት ይተርካል። ሩሶ ልክ ቢሆን ኖሮ ንጉሡ ከባለጠጋው ጎን በቆመ ነበር፤ ኃይለኛውም አሸናፊውም እሱ ነውና። ዳዊት ግን በባለጠጋው ላይ ተቆጥቶ የሞት ፍርድ ፈረደ፤ ነቢዩም ያ ሰው አንተ ነህ አለው። ተረት ሰሚውን የት እንደሚያደርሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ናታን ተርኮ ዝም አላለም፤ የዳዊትን ፍርድ ሰምቶ መለሰለት። ትምህርቱ የተፈጸመው በመመላለሱ ነው።

የተዘነጋው ምንጭ

አፈወርቅ በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ቴአትርን ደጋግመው አውግዘዋል፤ ተውኔት ይቅር የሚሉ ሰዎችም ስማቸውን ይጠራሉ። ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፉት ድርሳን ግን አይጠቀስም። ለመዘንጋቱ ምክንያት አለው። ኮምቤፊስ በ1656 እ.ኤ.አ. ካሳተመው በኋላ የአፈወርቅን ሥራዎች የሰበሰበው ሞንፎኮን ከስብስቡ ስላስቀረው፣ ከዚያ ስብስብ የቀዳው ሚኝም አላካተተውም። የጸሐፊው ማንነት ዳግም ተመርምሮ የአፈወርቅ መሆኑ ተቀባይነት ያገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ድርሳኑ ለልጅ የሚነገር ታሪክ እንዴት እንደሚመረጥ በቅደም ተከተል ያሳያል። የመጀመሪያው ታሪክ የቃየልና የአቤል ነው። ልብ እንበል፤ ወንድም ወንድሙን የሚገድልበት ታሪክ ነው። አባት ማታ ለልጁ ይተርክለታል፤ በሌላ ማታ ይደግምለታል፤ ከዚያም «የእነዚያን የሁለቱን ወንድማማች ታሪክ እስቲ ንገረኝ» ይለዋል። እናትም አጠገብ ተቀምጣ ታሪኩን ታደንቃለች፤ በትምህርቱ ድርሻ አላት። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያው ታሪክ ሲነበብ ሲሰማ የሚያውቀው ሆኖ ያገኘውና ይደሰታል። ከዚያ የያዕቆብና የዔሳው ይከተላል። ስምንትና ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በታች ቢሆን፣ የጥፋት ውሃን፣ የሰዶምን መቃጠልና ወደ ግብፅ መውረድን ይስማ ይላሉ። የገሃነም ነገር በዋናነት ለዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው።

አፈወርቅ ኃጢአትን ከታሪኩ አላወጡም። ግድያ አለ፤ ወንድምን ማታለል አለ፤ ከተማ ሲቃጠል አለ። የመጠኑት ዕድሜንና ቅደም ተከተልን ነው። ፈተናውም ልጁ መልሶ መተረክ መቻሉ ነው። ሩሶ የተወውን ማዕድ አፈወርቅ ከ1300 ዓመት በላይ ቀድመው የትምህርቱ ቦታ አድርገውት ነበር።

ከሐረር እስከ ቴራስ ሆቴል

በመግቢያው ያነሣኋቸው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ጸሐፊ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ልጅነታቸውን በሐረር በራስ መኰንን ቤት አሳልፈው ከዐድዋ ድል በኋላ ለትምህርት ወደ ሩሲያ ሄዱ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ሩሶ በከሰሰው በላ ፎንቴን ተረት ላይ የተመሠረተ ነው። አዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የጥናት ጸሐፊዎች እገዳውን የሳንሱር ታሪክ መነሻ አድርገው ያዩታል። እኔ የማየው ሌላ ነገርም አለ። አውሬዎች ተናገሩ፤ ሹማምንቱ ራሳቸውን አዩ። በሩሶ ስሌት በአንበሳው ደስ ሊሰኙ ይገባ ነበር፤ እነሱ ግን ነገሩ ወደ ማን እንደሚያመለክት ገብቷቸው አገዱት። ተረት በመድረክ ላይ ዒላማውን መምታቱን ከእገዳው የተሻለ የሚመሰክር ማግኘት ያስቸግራል።

አውሬን ለሃይማኖት ትምህርት መጠቀም ለእኛ ከአውሮፓ የመጣ ልማድ አይደለም። «ፊሳልጎስ» ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሱት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ አንበሳን የትንሣኤ ምሳሌ አድርጎ ያስተምራል። ስለዚህ ተውኔቱ አውሬ ስላለበት «መንፈሳዊ አይደለም» የሚል ከአባቶቹ መጽሐፍ ጋር ይጣላል።

በተቃራኒው የመጽሐፍ ቅዱስ ርእስ ዋስትና አይሆንም። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የተመረቀው በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ታሪኩ የሰው ሚስት መውሰድና ባልን ማስገደል ነው። በርእሱ ብቻ የሚመርጥ አዘጋጅ ይህን ለስድስት ዓመት ሕፃን ያሳልፋል፤ «ፋቡላ»ን ግን ይከለክላል። የእኔ መስፈርት ደግሞ ዳዊትን ሳይጥል ከናታን ይጀምራል። ድኻው፣ ግልገሏና ባለጠጋው በመድረኩ ላይ ይታዩ፤ ንጉሡ ይፍረድ። ሕፃኑ የግልገሏን ታሪክ ይዞ ይሄዳል፤ ወላጁ ከዚያ ያለፈውን ይረዳል፤ አንዱ ተውኔት ሁለቱንም ያስተምራል።

ከኤረር በር ሲታይ

ሐረሪዎች አርጎ በሪ የሚሉት የኤረር በር ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ከግንቡ ውጭ ሲመሽ ጅቦች በስማቸው እየተጠሩ ይመጣሉ፤ መጋቢው ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ አድርጎ፣ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ፣ ያጎርሳቸዋል። ጅቡ አንገቱን ዘርግቶ ይቀርባል፤ ወደ ጎን ያያል፤ ነጥቆ ይሸሻል። በሌላው አገር ተረት ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ሆዳም ነው። ሐረር ግን የሚያውቁት አገር ነው፤ በግንቡ የተተዉት ቀዳዳዎች መግቢያው ናቸው፤ ለዐሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። እዚህ ያደገ ልጅ ጅብን ሲጫወት እያነከሰ ብቻ አይጮህም፤ ያንን የጎን እይታና ያንን ጥርጣሬ ያመጣል። ስለ ስስት፣ ስለ መታመንና ስለ ጉርብትና ለሚጻፍ የአውሬዎች ተውኔት ከዚህ የተሻለ መነሻ አይፈለግም። ልጆቹ ለጅቡ ቢያደሉስ? ያድሉ። እናት «ለምን ለእሱ አደላህ?» ብላ የምትጠይቅበት በር ያን ጊዜ ይከፈታል።

የጎረቤቱንም ልጅ እናስብ። የአዳም ሁለት ልጆች ታሪክና የዮሴፍ ታሪክ በቁርኣንም ይገኛሉ። የሙስሊሙ ልጅ እነዚህን አይቶ ቤቱ ቢገባ እናቱ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ መልሶ የመተረኩ ፈተና በሁለቱም ቤት ይሠራል። ለሐረር ወጣቶች መጀመሪያ መመረጥ ያለባቸው እነዚህ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የገድል ተውኔት ነው። ራስ መኰንን ያሠሩት ቁልቢ ገብርኤል ቅርብ በመሆኑ የታኅሣሥ 19ና የሐምሌ 19 ታሪኮች ለሐረር ልጆች እንግዳ አይደሉም፤ አንዱ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የወጡበት፣ ሌላው ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላ ውሃ የዳኑበት ነው። የቂርቆስን ታሪክ ለሕፃናት ለማለዘብ የሚነሣ አዘጋጅ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኢየሉጣ ፍርሃት ነው፤ ቅድስት ስትፈራ ማሳየት ነውር ይመስለዋልና። መቆረጥ የሌለበት ግን ያ ነው። ውሃው የፈላበት ጋን በሩቅ ይሁን፤ የውሃው ፍላት በወሬ ይነገር፤ ወታደሩም አይጩኽ። እናት ስትፈራ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሲያበረታት ግን በቅርብ ይታይ። ልጁ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ የሚተርከው ይህን ነው።

ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ አፈወርቅ በዚያው ድርሳን ልጅን ወደ ቴአትር መላክን ከልክለዋል ይባላል። እውነት ነው። የከለከሉት ግን ሴቶች ራቁታቸውን በውሃ ገንዳ የሚዋኙበትን የዘመናቸውን መድረክ ነው፤ የደብር አዳራሽ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። ሁለተኛ፣ የ«ፋቡላ» ተመልካቾች አዋቂዎች ስለነበሩ ስለ ልጅ አይመሰክሩም ይባላል። ሩሶ ግን ተረት ልጅን የሚያሳስተው ወገን በማስያዙ ነው ብሏል፤ ወገን መያዝ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሁሉም እናት ለመጠየቅ ጊዜ የላትም ይባላል። ስለዚህ ጥያቄውን አዘጋጁ ያዘጋጅ፤ ከተውኔቱ በኋላ ሁለት ጥያቄ ለቤተሰብ መስጠት ወጪ የለውም። እርግጥ ይህ መጣጥፍ በአንድ ከተማ ላይ ስለተመሠረተ ድምዳሜው በሌላ ቦታ መፈተን ይኖርበታል።

መደምደሚያ

የኪነ ጥበብ ክፍል ድርሰት ሲቀበል ሳንሱር ከማድረጉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። በተመልካቹ መካከል ያለው ትንሹ ልጅ ታሪኩን ከመነሻው እስከ ፍርዱ መልሶ ሊናገር ይችላል? ሲናገር እናቱ የምትጠይቀው ነገር አለ? የጎረቤቱ ልጅስ በቤቱ ሊተርከው ይችላል? ሦስቱን ያለፈ ድርሰት ቃየል ቢኖርበትም፣ ጅብ ቢኖርበትም ይሠራ። ሦስቱን ያላለፈ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጥቅስ ቢሆንም ለሌላ ቀንና ለሌላ ተመልካች ይቆይ።