በብሪታንያ የቆሻሻ አስተዳደር ኩባንያዎች ዘመናዊ ባርነትን መከላከል

በብሪታንያ የቆሻሻ አስተዳደር ዘርፍ ዘመናዊ ባርነትን መከላከል ማለት ቆሻሻ የሚሰበስቡ፣ የሚለዩና መልሰው ጥቅም ላይ የሚያውሉ ኩባንያዎች በራሳቸው የሥራ ቦታም ሆነ ዕቃና ሠራተኛ በሚያቀርቡላቸው ድርጅቶች ዘንድ ተገዶ የሚሠራ ሰው እንዳይኖር የሚወስዱት እርምጃ ነው። «ዘመናዊ ባርነት» የሚለው ስም የግዳጅ ሥራን፣ የዕዳ ባርነትን፣ ሰውን ለብዝበዛ ማዘዋወርንና የግዳጅ ጋብቻን ያጠቃልላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1930 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 29 መሠረት የግዳጅ ሥራ ማለት በቅጣት ማስፈራሪያ የሚሠራና ሠራተኛው በፈቃዱ ያልገባበት ሥራ ወይም አገልግሎት ነው። ድርጅቱ ከሌሎች ጋር በ2022 ባወጣው ግምት በ2021 በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ይገኙ ነበር። ከእነዚህ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉት በግዳጅ ሥራ ላይ ነበሩ።

ዘርፉ የተጋለጠበት ምክንያት

በቆሻሻ መለያ ጣቢያ ሠራተኞች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ዳር ቆመው ፕላስቲኩን፣ ወረቀቱንና ብረቱን በእጃቸው ይለያሉ። ሥራው ቆሻሻና አድካሚ ነው፤ ብዙ ቋንቋም ሆነ ልምድ አይጠይቅም። ስለዚህ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛ የሚያገኙት በአገናኝ ኤጀንሲ በኩል ነው። ኤጀንሲው በበኩሉ ከሌላ ንዑስ ኤጀንሲ ወይም ከደላላ ሊቀበል ይችላል። በመካከል የሚገቡት በበዙ ቁጥር ኩባንያው ሠራተኛው ማን እንዳመጣው አያውቅም።

የሕግ ክፍተትም አለ። በየካቲት 2004 በሞርካም ባሕረ ሰላጤ ዛጎል ይለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ሠራተኞች ማዕበል ወስዷቸው ከሞቱ በኋላ ብሪታንያ ለሠራተኛ አቅራቢዎች የፈቃድ ሕግ አወጣች። ነገር ግን ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለእርሻ፣ ለዛጎል ለቀማና ምርታቸውን ለማዘጋጀትና ለማሸግ ሥራ ብቻ ነው። ለቆሻሻ መለያ ጣቢያ ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ይህ ፈቃድ አይጠየቅም።

ኦፕሬሽን ፎርት

በዘርፉ ላይ ትልቁን ትምህርት የሰጠው የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ «ኦፕሬሽን ፎርት» ያለው ምርመራ ነው። ምርመራው በ2015 የጀመረው ሁለት ተበዳዮች «ሆፕ ፎር ጀስቲስ» ለተባለ የእርዳታ ድርጅት የደረሰባቸውን ከተናገሩ በኋላ ነበር። አንድ የወንጀል ቡድን በፖላንድ ቤት የሌላቸውን፣ ከእስር የወጡትንና የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ጥሩ ሥራ አለ ብሎ ያመጣ ነበር። ሰዎቹ በተጎሳቆሉ ቤቶች ታጭቀው እየኖሩ በእርሻ፣ በዶሮ ማቀነባበሪያና በቆሻሻ መለያ ጣቢያዎች ይሠሩ ነበር። ፖሊስ የተበዳዮቹን ቁጥር ከ400 በላይ አድርጎ ገምቷል፤ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት እስከ 60ዎቹ ይደርስ ነበር። በ2019 ስምንት ሰዎች ጥፋተኛ መባላቸው ይፋ ሆነ።

በዚህ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ወንጀሉ ከወረቀት ጀርባ መሸሸጉ ነው። ተበዳዮቹ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ስለነበሩ በወቅቱ በብሪታንያ የመሥራት መብት ነበራቸው። ደሞዙም ወደ ባንክ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የባንክ ሂሳቡንና ካርዱን የያዘው ቡድኑ ነው። ይባስ ብሎ ከቡድኑ አባላት አንዷ በአገናኝ ኤጀንሲ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የሥራ ፈቃድንና የደሞዝ ደረሰኝን ብቻ የሚያይ ቁጥጥር እንዲህ ያለውን አያገኘውም።

የ2015 ሕግ

የዘመናዊ ባርነት ሕግ አንቀጽ 54 ዓመታዊ ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ወይም የሚበልጥ ድርጅት በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጣ ያዛል። መግለጫውን የዳይሬክተሮች ቦርድ ያጸድቀዋል፣ ዳይሬክተር ይፈርምበታል፣ ድረ ገጽ ካለም እዚያው ይወጣል። ይሁን እንጂ ሕጉ «ምንም እርምጃ አልወሰድንም» ብሎ መጻፍንም ይፈቅዳል። ስለዚህ በሚያምር ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ መኖሩ በመለያው ቀበቶ ዳር ስላለው ሰው ብዙም አይናገርም።

የሚሠሩ የመከላከያ መንገዶች

የመጀመሪያው የደሞዝ መዝገብን መፈተሽ ነው። የብዙ ሠራተኞች ደሞዝ ወደ አንድ ሂሳብ የሚገባ ከሆነ፣ ብዙዎቹ አንድ የስልክ ቁጥር ካስመዘገቡ ወይም በአንዲት ትንሽ ቤት አድራሻ አሥራ አምስት ሰው ከተመዘገበ መጠየቅ ይገባል። ሥራው ቀላል ነው፤ መዝገቡን በአድራሻና በስልክ ማነጻጸር ብቻ ነው። ሂሳቡ እንደ ኦፕሬሽን ፎርት በየሰው ስም ከተከፈተ ግን የሂሳብ ቁጥር ማነጻጸር አይበቃም፤ ያኔ ፍንጭ የሚሰጡት አድራሻውና ስልኩ ናቸው። በሌላ በኩል ስደተኞች ወጪ ለመቀነስ ተጠጋግተው መኖራቸው የተለመደ ስለሆነ የጋራ አድራሻ ለመጠየቅ ምክንያት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ሠራተኛውን አስተርጓሚ ይዞ፣ አለቃውና «ወንድሜ ነው» ባዩ በሌሉበት ማነጋገር ነው። ሁልጊዜ በአንድ መኪና መምጣት፣ አንድ ሰው ለሁሉም መናገሩ፣ ሠራተኛው የሚኖርበትን አድራሻ አለማወቁ፣ ፓስፖርቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑና ምሳ ሳይዙ መዋል የታወቁ ምልክቶች ናቸው። እነዚህን ከቢሮ ይልቅ ቀድመው የሚያዩት የፈረቃ ኃላፊውና ጥበቃው ስለሆኑ ሥልጠናው ለእነሱ መድረስ አለበት።

ከኤጀንሲ ጋር የሚደረገው ውልም ንዑስ ኤጀንሲን ሊከለክል ይችላል። ሥራ ለማስገኘት ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል ደግሞ በ1973ቱ የኤጀንሲዎች ሕግ የተከለከለ ነው።

ከውጭ የሚገዙ ዕቃዎች

የመለያ ጣቢያ በየቀኑ ብዙ ጓንት ይጨርሳል። የአሜሪካ ጉምሩክ በሐምሌ 2020 በግዳጅ ሥራ ምልክቶች የተነሳ የማሌዢያው ቶፕ ግለቭ ኩባንያ ሁለት ቅርንጫፎች ጓንት እንዳይገባ አገደ። ከችግሮቹ አንዱ የዕዳ ባርነት ነበር፤ ስደተኛ ሠራተኞች ለቅጥር ብለው ለደላላ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍለው ነበር። ኩባንያው ለሠራተኞቹ ገንዘቡን ከመለሰ በኋላ እገዳው በ2021 ተነሳ።

ምልክት ሲገኝ

የተጠረጠረውን ሰው በቦታው መጋፈጥ ተበዳዩን ለበቀል ያጋልጣል፤ ስለዚህ የሚመከረው ለፖሊስ ወይም ለሠራተኛ ብዝበዛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው። አዋቂ ተበዳይ «ብሔራዊ የሪፈራል ሥርዓት» ወደሚባለው የመንግሥት ድጋፍ የሚገባው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ኤጀንሲውን ወዲያው ማሰናበት ለኩባንያው ቀላሉ መንገድ ቢመስልም ሠራተኞቹን ያለ ሥራ በዚያው ቡድን እጅ ያስቀራቸዋል። በ2022 የወጣው ቢ.ኤስ. 25700 የተባለው የብሪታንያ ደረጃ ድርጅቶች ባርነትን እንዴት እንደሚከላከሉ ብቻ ሳይሆን ሲገኝም ተበዳዩን እንዴት እንደሚክሱ መመሪያ ይሰጣል።