የቡፌዋ ጀርባ

አባቴ ቡፌዋን ያሠራት በ1969 ነው። ዓመቱን የማስታውሰው በቡና ነው። ሐምሌ 1967 ብራዚል ላይ የወረደው ውርጭ የፓራናን ቡና ስላቃጠለው፣ የዓለም የቡና ዋጋ እየናረ ሄዶ በ1969 ሰማይ ነካ። መንግሥት በቀረጥ ድርሻውን አነሳ፤ የተረፈው ግን ሚዛን ተፈሪ ለሚኖር አንድ ቡና ሰብሳቢ ባለሦስት በር ቡፌ ለማሠራት በቃ። እናቴ ቡፌዋን በወለወለች ቁጥር «ብራዚል በረዳት፣ የእኛ ቤት ሞቀ» ትል ነበር።

ባለፈው ክረምት ብል እንደገባባት ያወቅኩት ከሥሯ በተጠራቀመ ዱቄት ነው፤ የጤፍ ዱቄት የሚመስል፣ የላመ። ሳህኑን ብርጭቆውን አውጥቼ፣ ከልጄ ጋር ጎትተን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርናት። ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «መልሱ ብቻውን አይበቃም፣ አሠራሩን አሳዩ» እላቸው ነበር። ቡፌዋም አሠራሯን የምታሳየው ከጀርባዋ ነው።

በሮቿ ዋንዛ ናቸው። የውስጥ ፊታቸው መላጊያ አልነካውም፤ የመጋዙ ጥርስ ያሰመራቸው መስመሮች ቀጥ ያሉ ቢሆኑም አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ሳሳ፣ አንዱ ጋደል ያለ ነው። ይህ የሁለት ሰው መጋዝ ሥራ ነው። ግንዱ ከጉድጓድ በላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከላይ ቆሞ ይስባል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ሰጋቱራ ዓይኑ ላይ እየዘነበበት ይጎትታል። ልጅ ሆኜ ቡና ማሳ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ዋንዛ ለቡና ጥላ የሚተው ዛፍ ስለሆነ፣ ጣውላው የሚሰነጠቀው እዚያው ቡናው መካከል ነበር።

መደርደሪያዎቹ ግን ቀረሮ ናቸው። በእነሱ ላይ ያለው መስመር እኩል እኩል የተራራቀ ቅስት ነው፤ በሞተር የሚዞር የክብ መጋዝ እንጂ የሰው ክንድ እንዲህ አያሰምርም። ቀረሮ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ጣሪያ ነው፤ እስከ 50 ሜትር ይመዘዛል፣ ግንዱም ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጣውላም ለኮምፔንሳቶም ሲፈለግ ኖሯል። ብል ግን ይወደዋል። ዱቄቱ ሁሉ የፈሰሰው ከቀረሮው ነበር፤ አጠገቡ ያለው ዋንዛ አንድ ቀዳዳ እንኳ አልነበረበትም።

ልጄ ሊፈታታት ሲጀምር «ካቻቢቴ አቀብይኝ» አለኝ። ያኔ ሳቄ መጣ። ካቻቢቴ፣ ቪቴ፣ ኮላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሰጋቱራ፣ ቶርኖ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በቆየባቸው ዓመታት ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር። እሱ ሲሄድ ቃሉ በአናጺዎች አፍ ቀረ። የእኛን ቡፌ የሠራውም ሰው ሙያውን የለመደው ጅማ ነው፤ እግሮቿ ቶርኖ ላይ የተጠረቡ ናቸው። መሮ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያ የሚሉትን ግን ከጣሊያን አልተበደርናቸውም።

ከጣሊያን በፊት በአካባቢያችን ቤት ውስጥ የነበረው አብዛኛው ዕቃ ማጣበቂያም ምስማርም አያውቅም። እናቴ የሸኮ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ቤት ያመጣቻት ዱካ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ነበረች። አያቴ መቀመጫዋን ያለሰለሳት በቅጠል ነው ይሉኛል። በጫካችን ከሾላ ወገን የሆነ፣ ቅጠሉ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ዛፍ አለ፤ የብርጭቆ ወረቀት ሱቅ ሳይገባ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀለም የቀባት ግን የምድጃው ጭስ ነው፤ ዓመት በዓመት ላይ እየደረበ እንደ ጀበና አጠቆራት።

ያቺን ዱካ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። በ1982፣ አዲስ ደመወዝተኛ ሳለሁ፣ ለፋሲካ እናቴን ላስደስት ብዬ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኳት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁ። እንደ አዲስ አብረቀረቀች። እናቴ ቡና ልታፈላ መጥታ ቆም ብላ አየቻትና «ይቺ የማን ናት?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ መደብ ላይ ተቀመጠች። በሁለት ዓመት ውስጥ ዱካዋን ብል በላት፤ ጭሱ ጥቁረት ብቻ ሳይሆን መድኃኒቷም ኖሯል።

ስለዚህ ቡፌዋ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። መፋቂያ አላነሳሁም። በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ጠርጌ በጥላ አደረቅኳት። የቀረሮዎቹን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በመርፌ ላምባ አጠጣሁ፤ ሳምንት አቆይቼ ደገምኩ። ሁለቱ መደርደሪያዎች ሲነኩ ስለተፈረፈሩ መተካት ነበረባቸው። በዋንዛ ልተካቸው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም ገበያ ላይ የሚገኘው ዋጋው አይቀመስም። መላ የሰጡኝ ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው ከ1977 ድርቅ በኋላ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ የሠሩት ዕቃ አልጋ ነበር፤ እንጨቱ የዚህ ጫካ ዋንዛ፣ ጠፍሩ ደግሞ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ በሚጥልበት አገር በሽታውን ከሚቋቋመው ከሸኮ በሬ ቆዳ። ጠፍሩ ካለቀ ቆይቷል። ሁለቱን የጎን አግዳሚዎች ይዘው መጡና «ወሎዬ አልጋ ሚዛን ቡፌ ውስጥ ሲገባ እንይ» አሉኝ። ተሰንጥቀው፣ ተልገው፣ መደርደሪያ ሆኑ። የጠፍሩ ቀዳዳዎች አሁንም ጠርዙ ላይ በሰልፍ ይታያሉ፤ አልደፈንኳቸውም።

ላይዋን ያሸሁት በሰም ነው። አካባቢያችን የማር አገር ስለሆነ ሰም አይጠፋም፤ ጠጅ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ ተነጥሮ ይወጣል። ሰሙን የፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጬ፣ ከእሳት አርቄ በቀለም ማቅጠኛ አለዘብኩት፤ በጨርቅ እያስነካሁ በስሱ ቀባሁ፣ በማግስቱ በደረቅ ጨርቅ ፈተግኩ። ጀበና የተወው ነጭ ቀለበት ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

ሦስተኛዋ በር ከሁለቱ ትጠባለች። አባቴ ሲጠየቅ «እሷ የስኒዎቹ በር ናት፣ ስኒ ደግሞ ትንሽ ነው» ይል ነበር፤ እኛም አምነን አደግን። ልጄ በሮቹን ሲነቅል በዚህችው በር ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ስሌት አሳየኝ። 138 ለ3፣ መልሱ 47። አናጺው ተሳስቷል፤ 46 ነው። ሁለቱን በሮች በ47 ቆርጦ ሲጨርስ ለሦስተኛዋ የቀረው 44 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ከሥሩ 47ን ሰርዞ 44 ብሎ፣ አጠገቡም «ቀኝ» ብሎ ጽፏል።

በሥራ ዘመኔ ስንቱን ስሌት በቀይ እስክሪብቶ አርሜያለሁ። በዚህኛው ላይ ሰም አሳስቼ ቀባሁበትና በሯን መልሼ ገጠምኳት፤ በቀኝ፣ ስኒዎቹ ዘንድ።