የሕመም ማገርሸት ታሪክ፦ ከእንጦጦና ከፍል ውኃ እስከ አምስቱ ጥያቄዎች

ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር የሚጠጋው የእንጦጦ ተራራ፣ በ1870ዎቹ የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ በነበረበት ዘመን፣ ለጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርድና ነፋስ የበረታበት፣ ማገዶም እየራቀ የሄደበት ሥፍራ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ፍላጎት ከተራራው ግርጌ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት ተሠርቶ አዲስ አበባ የሚለው ስም ሲወጣ፣ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች እየወረዱ በፍል ውኃው መታጠብን የለመዱት ከምቾቱ ሌላ ለቁርጥማት ይበጃል ተብሎ ይታመን ስለነበረ ነው። የከተማዋ አመሠራረት ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይህን ያህል የተሳሰረ ሆኖ ሳለ፣ ሕመሙ መቼ እንደሚነሣና መቼ ጋብ እንደሚል ይታወቅበት የነበረው መንገድ በጸሐፍት ዘንድ ብዙ ትኩረት አላገኘም።

በሕዝቡ ዘንድ ቁርጥማት የሚባለው የብዙ ሕመሞች መጠሪያ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ኃይል አቅጣጫውን ስቶ የመገጣጠሚያዎችን ውስጣዊ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ብርድ ሥቃዩን የሚያብስባቸው ታማሚዎች ቢኖሩም የበሽታው ምንጭ ብርድ አይደለም። ጠባዩ ወጥ ስላልሆነ ለወራት ተኝቶ ይቆይና በድንገት ያገረሻል፤ በዚያን ጊዜ ጣቶችና የእጅ አንጓዎች ያብጣሉ፣ ጠዋት ጠዋትም ሰውነት ለረጅም ሰዓት ተሳስሮ አልፈታ ይላል። በእንጦጦና በየካ አካባቢ እንዲህ ያለው ሕመም ሲነሣ ወደ ፍል ውኃ መውረድ ወይም ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚሄድበትን ቀን የሚወስነውም ሙቀጫና ዘነዘና ሲከብድ፣ እንጀራ ማውጣት ሲያቅት፣ ወይም በጾም ወራት ስግደት ሲያዳግት ያየው ታማሚው ራሱ ነበር።

በአውሮፓና በአሜሪካ የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ በ1859 ለበሽታው ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ከሰጠው በኋላ፣ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ የስዊድን ሐኪሞቹ ፎሬዩስና ቬስተርግሬን ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደሚዘቅጡ የሚለካውን ምርመራ አደራጁ፤ በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ሕዋሳቱ ፈጥነው ይዘቅጣሉ። በ1968 ደግሞ በግላስጎ የሪቺ መለኪያ ወጣ፤ በዚህም ሐኪሙ መገጣጠሚያዎችን በጣቱ እየተጫነ፣ የታማሚውን ምላሽ ከ0 እስከ 3 እየመዘገበ፣ ድምሩን እስከ 78 ያደርስ ነበር። በ1990ዎቹ በኔዘርላንድስ የናይሜኽን ከተማ ተመራማሪዎች የሚያሙትንና ያበጡትን መገጣጠሚያዎች ብዛት፣ የደሙን መዝቀጥና ታማሚው ስለ ጤንነቱ የሚሰጠውን ግምት በአንድ ቀመር አዋሕደው ዳስ 28 የተባለውን መለኪያ አወጡ። በዚህ ቀመር ከ2.6 በታች ሕመሙ ተኝቷል፣ ከ5.1 በላይ ደግሞ በርትቷል ይባላል።

ዳስ 28 ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም 28ቱ መገጣጠሚያዎች ከትከሻ እስከ ጣት ያሉትንና ጉልበትን ሲይዙ ቁርጭምጭሚትንና የእግር ጣቶችን ለአሠራር ቅልጥፍና ሲባል ትተዋል። ኑሮው በሜዳ ላይ ለሆነ ታማሚ ይህ ጉድለት ላይጎላ ይችል ይሆናል፤ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው አዝለው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ለሚወርዱ ሴቶች ግን ሕመሙ መጀመሪያ የሚሰማው መለኪያው በማያየው ቦታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የደም ማነስና ሌላ ኢንፌክሽን የመዝቀጡን ፍጥነት ስለሚጨምሩ፣ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻ ሩማቶይዱ አገርሽቷል አያሰኝም፤ ከሸክም የሚመጣ ሕመምም በተራው ከማገርሸት ጋር በቀላሉ ይደባለቃል።

በ1992 በማስትሪክት የተጀመረው፣ የሩማቶሎጂ መለኪያዎችን የሚመረምረው ኦሜራክት የተባለው ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ በ2006 ማገርሸትን ለብቻው የሚያጠና ቡድን አቋቁሞ ታማሚዎችንም በአባልነት አስገባ። ቡድኑ ማገርሸትን የገለጸው ሕክምና እስከ ማስቀየር የሚያደርስ ብርታትና ቆይታ ያለው የሕመም መባባስ ነው በማለት ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የዳስ 28 ውጤት ከ1.2 በላይ ሲጨምር፣ ወይም ውጤቱ 3.2ና ከዚያ በላይ በደረሰ ታማሚ ላይ ጭማሪው ከ0.6 ሲያልፍ ማገርሸት ነው አሉ። የዚህ ስሌት ድክመት የሚሠራው ታማሚው ሐኪም ፊት በቀረበበት ቀን ብቻ መሆኑ ነው፤ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ተነሥቶ በሳምንቱ የበረደ ሕመም በመዝገቡ ላይ አይታይም። ስለዚህ ቡድኑ ያዘጋጀው መጠይቅ ታማሚው ስላለፈው ሳምንት አምስት ነገሮችን፣ ማለትም ሥቃይን፣ የሥራ አቅምን፣ ድካምን፣ የሰውነት መተሳሰርንና በማኅበራዊ ኑሮ መሳተፍን፣ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን ያደርጋል። የካ ላይ የመጨረሻው ጥያቄ ለቅሶ መድረስንና ዕድር መገኘትን እንደሚመለከት ለማንም ግልጽ ነው።

የዚህ መጠይቅ ጠቀሜታ ታማሚዎች ከሚሞሉት ከ1980ው የስታንፎርድ መጠይቅ ጋር ሲነጻጸር ይጎላል፤ የቀድሞው በገንዳ ስለ መታጠብ፣ የመኪና በር ስለ መክፈትና አምስት ደረጃ ስለ መውጣት ይጠይቃል፤ የአምስት ደረጃ ጥያቄ እንጦጦ ላይ ለሚኖር ሰው ምን ያህል እንደሚያንስ መገመት አያዳግትም። አምስቱ ጥያቄዎች ግን ቤተ ሙከራ ስለማይሹ በማናቸውም ጤና ጣቢያ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ችግሩ የሚመጣው የመልሶቹ ድምር ከፍ ካለ በኋላ ነው፤ በኢትዮጵያ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ቁጥር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ ማገርሸቷ በወረቀት ላይ የተረጋገጠ ታማሚ ተራዋ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ የምትቆየው በማስታገሻ ነው።