የመድኃኒት ዋጋና የተማሪ ፊርማ

መድኃኒት እያለ የሚሞት ሰው አንድም በበሽታው፣ አንድም በዋጋው ይሞታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአፍሪካ በኤድስ ስላለቀው ሕዝብ ታሪክ ሲጻፍ ሁለተኛው ምክንያት ከፊተኛው አንሶ ሊታይ አይገባውም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት የሚወሰዱበት ሕክምና ከ1996 ጀምሮ በሀብታሞቹ አገሮች ሞትን ማስታገስ ቢችልም፣ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቅ ነበር። ለደቡብ አፍሪካ ድኃ ይህ በሌላ አገር ሰማይ እንደሚዘንብ ዝናብ ነው፤ ወሬው ይሰማል እንጂ አያረጥብም።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ስታቩዲን ይባላል። ውሕዱን በ1966 የሠራው አሜሪካዊው ኬሚስት ጀሮም ሆርዊትዝ ሲሆን፣ ያሰበውም ለካንሰር ነበር፤ ለታሰበለት ሳይበጅ ቀረ። በ1980ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ዊሊያም ፕሩሶፍና ታይ ሹን ሊን ይኸው ውሕድ የኤድስን ቫይረስ እንደሚገታ አሳዩ። ዩኒቨርሲቲው ፓተንቱን በስሙ አስመዘገበ፤ የማምረትና የመሸጥ መብቱንም ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ለተባለው ኩባንያ ብቻ ሰጠ። መድኃኒቱ በ1994 ዜሪት ተብሎ ገበያ ወጣ። ዬል በ1999 ብቻ ከዚህ መድኃኒት 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝቷል።

የዕለት እንጀራዬ ከሒሳብ መዝገብ ነውና፣ እንዲህ ያለ አኃዝ ሳይ ዓይኔ ሌላውን ዓምድ ይፈልጋል። ገቢው ተጽፏል፤ ወጪውን የከፈለው ማን ነው? ለምርምሩ የአሜሪካ መንግሥት፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ሕዝብ፣ አስተዋፅኦ አድርጓል። መድኃኒቱን አጥተው የሞቱት ደግሞ በየትኛውም ዓምድ አልሰፈሩም።

በየካቲት 2001 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ለዬል ደብዳቤ ጻፈ፤ ርካሹን ቅጂ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለማስገባት እንዲፈቀድለት ጠየቀ። በዚያው ወር የሕንዱ ኩባንያ ሲፕላ ሦስቱን መድኃኒቶች ለአንድ ሰው በዓመት በ350 ዶላር ለድርጅቱ እንደሚሸጥ አስታውቆ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መልስ አጭር ነው፦ መብቱ የተሰጠው ለኩባንያው ስለሆነ መልስ መስጠት የሚችለውም ኩባንያው ነው።

ነገሩ በዚህ እንዳይዘጋ ያደረጉት ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ የነበረችው ኤሚ ካፕቺንስኪ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ጉዳዩን ያዘች። ተማሪዎች፣ መምህራንና ተመራማሪዎች 600 ያህል ሆነው ፈረሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንዲሉ፣ ለአንዲት ተማሪ ይከብድ የነበረው ጥያቄ የግቢው ሁሉ ጥያቄ ሆነ። ፕሩሶፍ ራሱም መድኃኒቱ ለድኆች እንዲደርስ እንደሚፈልግ በአደባባይ ተናገረ። መጋቢት 14 ቀን 2001 ኩባንያው በደቡብ አፍሪካ ፓተንቱን ተጠቅሞ ማንንም እንደማይከለክል አስታወቀ። በዓመት ወደ 1,600 ዶላር ይጠይቅ የነበረው መድኃኒት 55 ዶላር ደረሰ።

ምስጋናውን ሁሉ ለተማሪዎቹ መስጠት ግን ታሪክን ማዛባት ነው። በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 5 ቀን፣ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች የደቡብ አፍሪካን መንግሥት የከሰሱበት ጉዳይ በፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት መሰማት ጀምሮ ነበር። በ1998 በዛኪ አችማትና በጓዶቹ የተመሠረተው የሕክምና ዘመቻ ንቅናቄ ሕዝቡን ወደ አደባባይ አውጥቶ ነበር፤ ኩባንያዎቹም ሚያዝያ 19 ቀን ክሱን ጣሉ። ግንቡን ከውጭ ሲገፉት የኖሩት የራሳቸው ሕይወት አደጋ ላይ የነበረ ሰዎች ናቸው። ተማሪዎቹ ያደረጉት ከባለቤቱ ቤት ሆኖ ከውስጥ መግፋት ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው የጥያቄያቸውን ዓይነት ነው። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ይመጣል፣ በሰጪው ፈቃድ ይቀራል። ኩባንያ ዛሬ በነጻ ያደለውን ነገ ሊከለክል ይችላል። የተጠየቀው ግን ሌሎች እንዲያመርቱና እንዲሸጡ በሩ እንዲከፈት ነበር። በሩ ሲከፈት የሕመምተኛው ዕድሜ በአንድ ሰጪ ቸርነት ላይ መንጠልጠሉ ያበቃል።

የዋጋ መውረድም ብቻውን አላዳነም። የፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ መንግሥት ስለ በሽታው ሳይንስ ሲጠራጠር ጊዜው ነጎደ፤ አገሪቱ ብሔራዊ የሕክምና ዕቅድ ያጸደቀችው በኅዳር 2003 ነው። በእኛም አገር ሕዝቡ የዕድሜ ማራዘሚያ ያለው ሕክምና በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ከታደሉት መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ስታቩዲን ነበር።

ስታቩዲን ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ነርቭን ስለሚጎዳና የፊትን ሥብ ስለሚያሟጥጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ። መድኃኒቱ አርጅቶ ቢሄድም ጥያቄው አላረጀም። በጥቅምት 2020 ሕንድና ደቡብ አፍሪካ የኮቪድ ክትባትና መድኃኒት ፓተንቶች ለጊዜው እንዲነሡ በዓለም ንግድ ድርጅት ጠየቁ፤ ክትባትን ብቻ የሚመለከተው ጠባብ ውሳኔ የተሰጠው በሰኔ 2022 ነው። በመካከሉ ያለፈው ሃያ ወር የስንት ሰው ዕድሜ እንደሆነ የሚያሰላ ሒሳብ በመዝገብ ቤት አይገኝም። በሕዝብ ገንዘብ በሚማሩበት ግቢ የሚፈለሰፈው ለማን እንደሚደርስ ቀድሞ መጠየቅ የተማሪዎች ሥራ ነው፤ በ2001 የዬል ተማሪዎች ይህን የጠየቁት ገና ሳይመረቁ ነው።