ሦስት ሺህ የሲጋራ ወረቀት፦ ማንበብና መጻፍ በእስር ቤት

ከማዘጋጃ ቤት ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሐር ስትወርዱ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ሻጮች አይጠፉም። አማርኛ አንባቢ በደንብ ከሚያውቃቸው የትርጉም ልቦለዶች አንዱ ታዲያ የተጻፈው ከዚሁ ጎዳና ላይኛ ጫፍ ብዙም በማይርቀው በማዕከላዊ እስር ቤት ነው። እንዴት ሆኖ?

መጀመሪያ ዘመኑን እንይ። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ኢትዮጵያዊ ማንበብ አይችልም ነበር። ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ፤ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ አገሪቱም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ነገር ግን ያው መንግሥት ተማሪውንና መምህሩን እስር ቤት አጉሮ ነበር። ውጭ አንባቢ እየተፈለገ፣ ውስጥ አንባቢ ታጭቋል።

የታሰሩትም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በከርቸሌ፣ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» በሚለው እስር ቤት፣ የተማረው ያልተማረውን ያስተምር ነበር። በማዕከላዊ ደግሞ ገጣሚው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚሸልን ዝነኛ ልቦለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ ብጣሾቹ 3,000 ያህል ነበሩ።

እስቲ እናስላው። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው የእንግሊዝኛው መጽሐፍ 1,037 ገጽ አለው። ስለዚህ ለአንድ ገጽ ሦስት ብጣሽ ገደማ ይደርሰዋል። እዚህ ላይ ፊደላችንም ያግዛል፦ «ነገ» ሁለት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ይፈጃል።

ብጣሾቹ የወጡት በሚፈቱ እስረኞች እጅ፣ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተደብቀው ነው። ኢንተርኔትም የሚሠራው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው፦ መልእክቱን «ፓኬት» ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍላል፣ በተለያየ መንገድ ይልካል፣ መጨረሻ ላይ ይገጣጥማል። አንድ ፓኬት ቢጠፋ ግን ኮምፒውተሩ ደግሞ ይልከዋል። የእስረኛው ብጣሽ ቅጂ የለውም፤ ከጠፋ ጠፋ። ነቢይ ከተፈታ በኋላ ብጣሾቹን ከየሰዉ እጅ መሰብሰብ ነበረበት።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1978 በእስር ላይ ሳለ በኪኩዩ ቋንቋ ልቦለድ የጻፈው በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ ነው። የደቡብ አፍሪካ እስረኞችም እርስ በርስ እየተማማሩ ሮቢን ደሴትን «ዩኒቨርሲቲ» አሰኝተዋታል።

ዛሬ ዓለም በቃኝ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሞበታል። ማዕከላዊም በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። በማረሚያ ቤቶች መደበኛ ትምህርት ይሰጣል። ስለ እስረኞች ትምህርት ሲነሳ ግን ቶሎ የሚጠየቀው «ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?» የሚለው ነው። የማዕከላዊ ብጣሾች ሌላ ጥያቄ ያስጨምሩናል፦ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ የሚጽፉበት ወረቀትስ አላቸው ወይ? አንድ ሰው ማንበብ ቢችልም መጽሐፍ ከሌለው ችሎታው ታስሮ ይቀራል። መጽሐፍ ከገባ ግን አንድ አንባቢ ለክፍሉ ሁሉ ይተርፋል።